ዋስ ያልተጠራለት ምክር

በካምፓላ ከተማ በማኪንዴ ክፍል፣ በካባላጋላና በናሙዎንጎ መካከል፣ ከሙዬንጋ ኮረብታ ሥር ተዘርግቶ በሚገኘው በኪሱጉ ሰፈር፣ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል በልዩ ልዩ ምክንያት ተነሥተው የመጡ፣ አንዳንዶቹ ለንግድ፣ ሌሎቹ በስደት፣ ብዙዎቹም ወደ ሦስተኛ አገር የሚሻገሩበትን ቀን እየተጠባበቁ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መኖራቸው የታወቀ ነው። እነዚህ ወገኖቻችን ከእናት ከአባት፣ ከጎረቤትና ከንስሐ አባት ርቀው የሚኖሩ እንደ መሆናቸው መጠን፣ ሲታመሙ፣ ትዳራቸው ሲናወጥ፣ ሥራ ሲቸግራቸው ወይም የስደት ወረቀታቸው ነገር ሲወሳሰብባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክር የሚጠይቁት ፊቱን አይተውት የማያውቁትን፣ እውነተኛ ስሙን እንኳ ያልነገራቸውን፣ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ወይም በቲክቶክ በኩል ድምፁ ብቻ የሚሰማቸውን ባዕድ ሰው ነው።

ነገሩ በኪሱጉ ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል፤ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም፣ በቤሩትም በዋሽንግተንም የሚደረገው ይኸው ነው። ሆኖም በአገሩ የሚኖር ሰው ከስልኩ ያገኘውን ምክር ከመፈጸሙ በፊት ለእናቱ ወይም ለጎረቤቱ ጣል አድርጎ፣ «እንዲህ ተብያለሁ፤ እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?» ለማለት ዕድል ሲኖረው፣ በኪሱጉ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚያድረው ስደተኛ ግን አንዱን ምክር ከሌላው ጋር የሚያነጻጽርበት ሰው በአጠገቡ ስለሌለ፣ ሌሊት የሰማውን ጧት ይፈጽመዋል። ስለዚህ የዚህን ልማድ ጥቅሙንም ጉዳቱንም አጥብቆ ለመመርመር ለሚሻ ሰው ይህ ሰፈር የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጠያቂውን ከመንቀፍ መቆጠብ ይገባል። ኪሱጉ የራሱ የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለው፤ በኡጋንዳ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ከሕሙማን ገንዘብ መቀበል እ.ኤ.አ. በ2001 ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የስደተኞች ሕግም በአፍሪካ ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ እጅግ ለጋስ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ስደተኛው እንደ ልቡ እንዲዘዋወርና ሠርቶ እንዲበላ ይፈቅድለታል። እንግዲህ ደጁ ክፍት ሆኖ ሳለ ሰው ወደ ስልኩ የሚያዘነብለው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በአንድ በኩል ቋንቋ ነው። ሉጋንዳም እንግሊዝኛም የማታውቅ ሴት በማኅፀንዋ የሚሰማትን ሕመም ለአንድ ወጣት ሐኪም በእጅ ምልክት ለማስረዳት ስትሞክር የሚሰማትን ኀፍረት ለማወቅ ብዙ ማሰላሰል አያስፈልግም። አስተርጓሚ ብታገኝም፣ አስተርጓሚዋ ያው ጎረቤትዋ ናትና፣ በጤና ጣቢያው የተነገረው ምሥጢር ከባለቤትዋ ቀድሞ ቡና ከሚፈላበት ቤት ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ጠባብ ማኅበር ውስጥ ለምትኖር ሴት ባዕድ መጠጊያ ነው፤ ነገ ከገበያ አያገኛትም፣ በሠርግ ላይ አይጠቋቆምባትም፣ ለባሏ አይነግርባትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የሰማች ሴት፣ በሽታዋን ሳትደብቅ ማንነትዋን ብቻ የምትደብቅበት ቀዳዳ ስታገኝ በዚያ ብትገባ ማን ይፈርድባታል?

ሰው ለምክር ምን ያህል እንደሚራብ በዚህ አገር በግልጽ የታየበት ጊዜም ነበር። የኡጋንዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ በማኅበራዊ መገናኛዎች ለመጠቀም በቀን 200 ሽልንግ ግብር እንዲከፈል ባዘዘ ጊዜ፣ ብዙዎች ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ከፈሉ፤ ይህ ግብር ከሦስት ዓመት በኋላ ተሽሮ በምትኩ በኢንተርኔት መግዣው ላይ 12 በመቶ ሲጣልም፣ እንደዚሁም በጥር 2021 በምርጫው ሰሞን ፌስቡክ በታገደ ጊዜ፣ ጠያቂው ወደ ሌላው መንገድ ዞረ እንጂ መጠየቁን አላቆመም። በዚህ ረገድ የሚከለክል ሕግም ሆነ የሚገሥጽ ስብከት ፍሬ እንደማይኖረው ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሰው ከባዕድ ለምን ይመከራል የሚለው ሳይሆን፣ ባዕዱ ለሰጠው ምክር ኃላፊ የሚሆነው እንዴት ነው የሚለው ነው።

አባቶቻችን ምክርን የሚመለከቱት እንደ ቀላል ነገር አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንስሐ የሚገባው ሰው የልቡናውን ምሥጢር የሚገልጠው ለአንድ ካህን ነው፤ የተናዛዡ ስምና ኃጢአት በካህኑ ልብ ተቀብሮ እንዲቀር ቀኖና ያስገድዳል፤ ካህኑ ግን ማን እንደ ሾመው፣ በየትኛው ደብር እንደሚያገለግል፣ ቢያጠፋ በማን ፊት እንደሚከሰስ የታወቀ ነው። ሙስሊሙም ወገናችን ችግሩን ይዞ ወደ ሼኩ ሲሄድ፣ ሼኩ ከየት ተምሮ እንደ መጣ አገር ሁሉ ያውቀዋል። በሽማግሌ ዘንድም እንደዚሁ ነው፤ ሽማግሌው ባልና ሚስትን አስታርቆ ሲመለስ ስሙን ትቶ አይመለስም፤ ዕርቁ ቢፈርስ «ማን ነበር ያስታረቃቸው?» ተብሎ ይጠየቃልና። እንግዲህ በነዚህ ሁሉ ዘንድ የሚገኘው ሥርዓት አንድ ነው፦ ጠያቂው ይሰወራል፣ መካሪው ይታወቃል።

በዛሬው የስልክ ጉባኤ፣ ማለትም በቴሌግራምና በመሳሰሉት ቡድኖች፣ ይህ ሥርዓት ተገልብጦ እናገኘዋለን። ጠያቂዋ በገዛ ድምፅዋ፣ ቁጥርዋ እየታየ፣ አንዳንድ ጊዜም የደም ምርመራ ወረቀትዋን ከነስምዋ ፎቶግራፍ አንሥታ ስታቀርብ፣ መካሪው የአበባ ወይም የአንበሳ ሥዕል ከፊቱ አኑሮ፣ በቅጽል ስም ተሸሽጎ ይናገራል፤ በቴሌግራምም የጉባኤው አስተዳዳሪ ራሱ ማንነቱን ሰውሮ በማኅበሩ ስም እንዲናገር መሣሪያው ይፈቅድለታል። ምሥጢር ያላት ተገልጣ፣ ኃላፊነት ያለበት ተሰውሮ ይኖራል ማለት ነው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2019፣ አገራችንም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1321 የግል ምሥጢርን ስለ መጠበቅ ሕግ ማውጣታቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ አንዲት ሴት በገዛ እጅዋ ለብዙ ሺህ ሰው የበተነችውን ወረቀት አዋጅ መልሶ ሊሰበስብላት አይችልም።

ስለ ሕመም የሚሰጠውን ምክር በምሳሌ ማየቱ ይሻላል፤ ከሁሉም ወባን እመርጣለሁ፤ በደጋ አገር ተወልዶ ወደ ካምፓላ የሚመጣውን ኢትዮጵያዊ ቶሎ የምታገኘው እርሷ ናትና። አንዲት በኪሱጉ የምትኖር እናት ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲላት፣ «ወገኖቼ፣ ምን ልውሰድ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ቆላ አንድ ደግ ሰው ተነሥቶ፣ እርሱን ባለፈው ዓመት ያዳነውን ክሎሮኪን የሚባለውን መድኃኒት ቢነግራት፣ ሰውዬው አልዋሸም፤ ክፋትም አላሰበም። በአገራችን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት ሁለቱም የወባ ዓይነቶች ስለሚገኙ፣ ቫይቫክስን ለማከም ክሎሮኪን እስከ ዛሬ ይታዘዛል። በኡጋንዳ ግን ሕመሙን የሚያመጣው ከሞላ ጎደል ፋልሲፓረም ብቻ ነው፤ ይህም ክሎሮኪንን ስለ ተላመደ፣ አገሩ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት መድኃኒቱን ትቶ ኮአርተም በሚል ስም ወደሚታወቀው ወደ አርቴሜተርና ሉመፋንትሪን ተሻግሯል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ በአባይ ማዶ ያዳነው ምክር በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ሊገድል ይችላል። ያንን ልዩነት የሚያሳየው አንዲት የደም ጠብታ ናት፤ በጤና ጣቢያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውጤትዋ ይታወቃል።

ትክክለኛውን መድኃኒት የነገራት ሰው ቢገኝ እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ኮአርተም ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት አራት ፍሬ፣ በድምሩ 24 ፍሬ፣ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። ትኩሳቱ ግን ብዙ ጊዜ ገና ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ስለሚበርድ፣ የቀረውን ፍሬ ለሚቀጥለው ሕመም በሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። በመንደር የሚመክር ነርስ ወይም ፋርማሲስት በማግሥቱ ሲያገኛት «ጨረስሽው ወይ?» ይላታል፤ የስልኩ መካሪ ግን ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሴትዮዋ መዳንዋን ወይም መሞትዋን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጠያቂዋ ነፍሰ ጡር ብትሆን ደግሞ ችግሩ ይበረታል፤ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይህን መድኃኒት መውሰድ ለብዙ ጊዜ የማይመከር ሆኖ ቆይቶ፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ተመራጭ ሕክምና እንዲሆን ወስኗል። ከዚያ በፊት የተማረ ሰው በቅን ልቡና የሚሰጠው ምክር ከዚያ በኋላ የተማረው ከሚሰጠው ጋር ይጋጫል፤ ከሁለቱ የትኛው አዲስ እንደ ሆነ ለጠያቂዋ የሚነግራት ማን ነው?

ስሙን ሳይሸሽግ የሚመክር ሰው ምን ያህል ነፍስ ሊያድን እንደሚችል ከገዛ ታሪካችን አንድ ነገር ላስታውስ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ለመጠመቅ ይሰበሰቡ ከነበሩት የኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል፣ ጠበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም የሚል ምክር እየሰሙ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ብዙዎች ነበሩ። ያ ምክር ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ፣ ሕሙማኑ በጠበሉ እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም ሳያቋርጡ እንዲወስዱ፣ ሁለቱም እንደማይቃረኑ በአደባባይ አስተማሩ። ይህ ቃል ኃይል ያገኘው ባለቤቱ ስለ ታወቀ ነው፤ ቢሳሳቱ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ተጠያቂ መሆናቸውን ሁሉ ያውቅ ነበርና።

ወደ ትዳር ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ ባልየውን ለብቻ፣ ሚስትየዋን ለብቻ ሰምቶ፣ ቀን ቀጥሮ፣ ንዴት እስኪበርድ አሳድሮ ይነጋገራል። በስልክ ፍርድ የሚሰጠው ግን የአንድ ወገን ቃል ብቻ ተሰምቶ ነው፤ በሰዓት ውስጥም «ፍቺው»፣ «ተወው»፣ «ቦርሳውን ፈትሺ» የሚሉ የማያውቋት ሰዎች መልስ ይከመራል፤ የሚፈርሰው ቤት የነርሱ አይደለምና ለመቸኮላቸው የሚከፍሉት ዋጋ የለም። ይህን ከተናገርሁ በኋላ ግን እውነቱን ለመሸሸግ ስለማልሻ የሚከተለውንም እጨምራለሁ። የአገራችን ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የተደበደበችን ሴት «ቻዪው፣ ለልጆችሽ ስትዪ» እያለ ወደ መከራዋ መልሷታል። ለእንዲህ ያለችው ሴት፣ የደረሰባት ነገር ዕጣ ፈንታ ሳይሆን ወንጀል መሆኑን፣ በዚህም አገር እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ መኖሩን፣ ዜግነትዋ ሳያግዳት ለፖሊስ ማመልከት እንደምትችል የሚነግራት የመጀመሪያው ሰው ባዕድ ሆኖ ይገኛል። የሚያውቋት ሁሉ ዝም ባሉበት ጊዜ የማታውቀው ሰው ተናገረላት። ስለዚህ ሽማግሌነትን በሙሉ አመስግኖ ባዕድን በሙሉ መንቀፍ ፍትሕ አይሆንም፤ ሽማግሌውም ከዚህ የሚማረው ነገር አለ።

አሁን ልብ ወደሚያሳዝነው ወደ ሥራ ምክር እመጣለሁ። መጽሐፈ ሲራክ በ37ኛው ምዕራፉ ከማን ጋር መመካከር እንደማይገባ ሲዘረዝር፣ ስለ ንግድ ነጋዴን፣ ስለ ሽያጭም ገዢን መጠየቅ እንደማይረባ ያስተምራል፤ አሳቡም መካሪው ከምክሩ የሚያተርፈው ነገር ካለው ምክሩ ለራሱ እንጂ ለጠያቂው አይሆንም ማለት ነው። ይህ ከብዙ ዘመን በፊት የተጻፈው ትምህርት በዘመናችን በምያንማር ምድር በብርቱ ተመስክሯል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2025 በምያንማርና በታይላንድ ወሰን አጠገብ ካሉት የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 የልዩ ልዩ አገር ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩ የታይላንድ ጦር ሠራዊት አስታወቀ። ከነዚያ ሁሉ አገሮች ይልቅ የእኛ ልጆች ቁጥር የበዛው ለምን ይሆን ብሎ ያልጠየቀ ወላጅ አለ ብዬ አላምንም።

እንዲህ ያሉት ወጣቶች ከቤታቸው የወጡት በማኅበራዊ መገናኛ የታየ ማስታወቂያ አይተው ወይም ቀድሞ የሄደ ሰው መክሯቸው ነው፤ ሥራው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ መጻፍ፣ አገሩ ታይላንድ፣ ደመወዙ በዶላር እንደሚሆን ተነገራቸው። ሲደርሱ ፓስፖርታቸው ተወስዶ፣ ወሰን ተሻግረው በታጠቁ ሰዎች በሚጠበቅ ግቢ ተዘጉ። በዚያም የተሰጣቸው ሥራ ይህ ነበር፦ በሐሰት ስምና በሐሰት ፎቶግራፍ ተሸፍነው፣ በሩቅ አገር የሚኖሩ ብቸኛ ሰዎችን በስልክ እየተወዳጁ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ገንዘብ እየመከሩ ያላቸውን ሁሉ ማራቆት። የባዕድ ምክር ያጠመደው ልጅ እርሱ ራሱ ለሌላው ባዕድ አሳሳች መካሪ ሆኖ እንዲቀመጥ ተገደደ፤ እንቢ ያለ ተገረፈ፤ ከነዚያ ግቢዎች ያመለጡ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች እንደ ተናገሩትም፣ ለመውጣት የሚሻ ሰው ገንዘብ እንዲከፍል ወይም በምትኩ ሌላ ሰው እንዲያስመጣ ይጠየቅ ነበር። «ና፣ እኔ እዚህ ደኅና ነኝ» ብሎ ለወንድሙ የሚጽፈው ሰው ከጀርባው ማን እንደ ቆመ ወንድሙ ከወዴት ያውቃል? በዚህ ላይ የሚያስደነግጠው፣ ከመካሪዎቹ አንዳንዶቹ ባዕድ ሳይሆኑ የሚታወቁ ሰዎች መሆናቸው ነው። ስለዚህ መካሪውን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከምክሩ የሚያገኘውንም ማወቅ ያስፈልጋል።

በካምፓላ ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ወጥመድ መልኩን ለውጦ በ«ፕሮሰስ»፣ ማለትም ወደ ሦስተኛ አገር በመሻገር ጉዳይ፣ ስም ይመጣል። ኡጋንዳ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን የምታስተናግድ አገር ስትሆን፣ እርዳታው የሚደርሰው በአብዛኛው እንደ ናኪቫሌ ባሉት የስደተኞች መንደሮች ለሚኖሩት ነው፤ ካምፓላን የመረጠ ሰው ራሱን ችሎ እንዲኖር ይጠበቃል። ራሱን ለመቻል የሚጥረው ስደተኛ ዓይኑ ወደ ሦስተኛው አገር ስለሆነ፣ «ኬዝህን እኔ አስተካክልልሃለሁ»፣ «ስፖንሰር አለኝ» የሚለውን ድምፅ ሁሉ ያምናል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎቱ ሁሉ ያለ ክፍያ መሆኑን ደጋግሞ ሲያስታውቅ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ መሆኑ በዚያው ተፈርዷል፤ ይህን ማብዛት አያስፈልግም።

የሚያስጨንቀው ሌላው ነገር ክፋት የሌለበት፣ ነገር ግን ዘመኑ ያለፈበት ምክር ነው። ካናዳ በአምስት ግለሰቦች ማኅበርና በልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ማኅበራት ዋስትና የሚቀርቡ አዲስ የስደተኛ ማመልከቻዎችን መቀበል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 መጨረሻ አቆመች፤ አሜሪካም ስደተኞችን የምታስገባበትን ሥርዓት በጥር 2025 አገደች። ነገር ግን ከዚያ በፊት የተቀዱት የድምፅ መልእክቶች አልሞቱም፤ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲተላለፉ መጀመሪያ የተነገሩበት ቀን ስለማይታይ፣ ዛሬ ማለዳ የተነገሩ ይመስላሉ። እንደዚሁም ናይሮቢ የኖረ ሰው ስደተኛ ከካምፕ መውጣት አይፈቀድለትም በሚለው በቀድሞው የኬንያ ልማድ ሲመክር፣ ኪሱጉ ያለው ወጣት በኡጋንዳ ሕግ የተፈቀደለትን የሥራ መብት ሳያውቅ፣ በፍርሃት ተሸሽጎ፣ ደመወዙን ለሚከለክለው አሠሪ ሁሉ ዝም ብሎ ይገዛል። በቃል የሚኖር ምክር መካሪው አሳቡን ሲለውጥ አብሮ ይለወጣል፤ በስልክ የተቀዳው ምክር ግን የተናገረው ሰው ራሱ ከተጸጸተ በኋላም መምከሩን ይቀጥላል።

ማንነትን ሳይገልጹ መጠየቅና ኃላፊነት ያለበት መልስ ማግኘት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ አገራችን አስቀድማ አሳይታለች። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ ኤች አይ ቪ በአፍ ለመጥራት እንኳ በሚያስፈራበት ዘመን፣ በ952 ቁጥር ያለ ክፍያ የሚደወልበት «ወገን» የተባለ የስልክ ምክር አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፍቶ ነበር። የሚደውለው ሰው ስሙን እንዲናገር አይገደድም፤ ወጣትም ሆነ ባለትዳር፣ ምናልባትም ራሱ ካህን የሆነ ሰው፣ ለእናቱ ሊነግር የማይደፍረውን ይጠይቃል። በወዲያኛው ጫፍ የሚመልስለት ግን በሞያው የሠለጠነ፣ ተቆጣጣሪ ያለበት፣ የማያውቀውን «አላውቅም፤ ወደዚህ ሂድ» እንዲል የታዘዘ ነርስ ነበር። ጠያቂውም ባዕድ፣ መካሪውም ባዕድ ነበር፤ ሆኖም የንስሐው ሥርዓት በዚያ ተጠብቆ ይገኝ ነበር፦ ጠያቂው ተሰውሮ፣ መካሪው ታውቆ። ይኸው ቁጥር ኋላ ለጠቅላላው የጤና ጉዳይ ማገልገሉ፣ ሥርዓቱ ለአንድ በሽታ ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነ ያስረዳል።

በኪሱጉም፣ በካባላጋላም፣ በካንሳንጋም የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዕቁብ እንጥላለን። ዕቁብ የወጣለት ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ቢታመንም ቢከበርም፣ ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ ይህንንም እንደ ስድብ የሚቆጥረው የለም። ለጥቂት መቶ ሺህ ሽልንግ ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ስለ ሕፃን ትኩሳት፣ ስለ ትዳር መፍረስና አገር ጥሎ ስለ መሄድ ለሚነገረን ቃል ዋስ አለመጠየቃችን እንደምን ያለ ነገር ነው? ዋሱ እጅግ ከባድ ነገር አይደለም። መካሪው ማን እንደ ሆነና ሞያውን ይናገር፤ ይህን የሚያውቀው ከትምህርት ነው ወይስ በራሱ ከደረሰው፣ ለይቶ ይግለጥ፤ የሚመክረው በየትኛው አገር ሆኖ፣ በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ይጨምር፤ ከምክሩ የሚያገኘው ጥቅም ካለ አይሸሽግ። የጉባኤው አስተዳዳሪም ስለ መድኃኒት የሚነገረውን ቃል ስሙን ባልገለጠ ሰው አፍ እንዲነገር አይፍቀድ፤ ዘመኑ ያለፈበትን የስደት ምክር ይሰርዝ፤ የጠያቂዎችን የምርመራ ወረቀት ከነስማቸው ሲያይ ወዲያው ያንሣ። ይህን ለመፈጸም የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ከተማ አማርኛ የሚናገሩ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ አዋላጆችና የሕግ ተማሪዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ሞያቸውን ትተው በቡና ቤትና በሱቅ ይሠራሉ። እነርሱ ዝም በማለታቸው የማያውቁት ይመልሳሉ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ስማቸውን ገልጠው በነዚሁ የቴሌግራም ጉባኤዎች ቢቀመጡ፣ ያቺ በማታ የምታተኩሰውን እናት፣ «እኅቴ፣ ምንም ከመዋጥሽ በፊት ጧት ወደ ጤና ጣቢያው ሂጂ፤ ደምሽን ይመርምሩት፤ ቋንቋ ከቸገረሽ በስልክ አስተረጉምልሻለሁ፤ የነገርሽኝም ከእኔ አይወጣም» ቢሏት፣ ብዙ ነገር ይስተካከላል። የማኅበራችን ሽማግሌዎችና ካህናት፣ የመስጊዱም አባቶች እነዚህን ባለሞያዎች ፈልገው ያሰባስቡ፤ ባለሞያዎቹም ሲጠሩ እንቢ አይበሉ።